«ዕቃው አልደረሰኝም» ያለ ገዢ ሲመጣባችሁ፦ ከመጀመሪያው ሜሴጅ እስከ ይግባኝ ደረጃ በደረጃ

ይሄ መመሪያ አሜሪካ ሆናችሁ በኢቤይ፣ በኤትሲ ወይ በራሳችሁ ፔጅ በፔይፓል እየተከፈላችሁ ሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጀበና፣ በርበሬ ምናምን በፖስታ ለምትልኩ ነው። ሰው ሁሉ እዚ ጋ ይወድቃል። ገዢ «አልደረሰኝም» ሲል ግማሹ ደንግጦ በዚያው ደቂቃ ብሩን ይመልሳል፣ ግማሹ ደሞ ተናዶ «ትራኪንጉ ደርሷል ይላል፣ አታጭበርብሪ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ብር ያስከፍላል። መጀመሪያ የሚደረገው ትራኪንጉ (ፓኬጁ የት እንደደረሰ የሚያሳየው መከታተያ) የት ላይ እንደቆመ ማንበብ ነው፣ ምን እንደምትመልሱም ማን እንደሚከፍልም ከዛ ነው የሚታወቀው።

1. ከመላካችሁ በፊት

እዚ ያልሰራችሁትን፣ ኬዝ (ገዢው በኢቤይ፣ በኤትሲ ወይ በፔይፓል በኩል የሚከፍተው ክስ) ከተከፈተ በኋላ ከየትም አታመጡትም፣ ስለዚ አትዝለሉት።

አድራሻውን ከኦርደሩ ላይ ብቻ ውሰዱ። ገዢዋ ከከፈለች በኋላ «ውይ እህቴ፣ ወደ አክስቴ ቤት ላኪልኝ» ብላ ብትጽፍ አትላኩ። ኦርደሩን ካንስል አርጉና በትክክለኛው አድራሻ እንደገና ትግዛ። ኢቤይም ፔይፓልም ሲፈርዱ የሚያዩት ዕቃው ኦርደሩ ላይ ወዳለው አድራሻ መድረሱን ነው፣ በሜሴጅ ወደተሰጣችሁ አድራሻ ልካችሁ ከጠፋ ማንም አይከላከልላችሁም።

የአፓርትመንት ቁጥር እዩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ ያሉት ትልልቅ ህንጻዎች ስንት መቶ ሰው ነው የሚኖርባቸው፣ ቁጥር የሌለው ፓኬጅ እዛ ገባ ማለት ወይ ኦፊስ ይቀመጣል ወይ ይመለሳል ወይ የሌላ ሰው በር ላይ ያድራል። አድራሻው የህንጻ ከመሰላችሁና ቁጥር ከሌለው ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ቁጥሩን ረስታው ከሆነ ሌብሉ (ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ ወረቀት) ላይ ጨምሩት፣ መንገዱና ዚፕ ኮዱ እስካልተቀየረ ችግር የለውም።

ሌላው እኛ ጋ በጣም የሚያጋጥመው፣ እናቶች በልጃቸው አካውንት ይገዙና አካውንቱ ላይ ያለው አድራሻ ልጅቷ ድሮ የለቀቀችው ቤት ይሆናል። ስሙና የጻፈላችሁ ሰው የተለያየ ከመሰላችሁ «ወደዚህ አድራሻ ነው አይደል የሚላከው?» ብላችሁ አንድ ሜሴጅ ላኩ። ተሳስቶ ከሆነ ያው ካንስልና እንደገና ግዢ ነው።

ፓኬጁን ሰማያዊው የመንገድ ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ። ካውንተር ላይ ሰጥታችሁ ስካን ሲደረግ ቁሙና ሪሲት ውሰዱ፣ ሌብሉን ኦንላይን የገዛችሁትም ቢሆን «አክሰፕታንስ ስካን አርግልኝ» (መቀበልህን መዝግብልኝ) በሉት። ክብደቱ ሪሲቱ ላይ ከወጣላችሁ በጣም ጥሩ፣ «የመጣው ባዶ ሳጥን ነው» የሚል ጥያቄ ከተነሳ ያ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

ሶስት ፎቶ አንሱ፦ ዕቃው ከመታሸጉ በፊት፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ከዛ ታሽጎ ሌብሉ እየታየ።

በዩኤስፒኤስ (በአሜሪካ ፖስታ ቤት) ግራውንድ አድቫንቴጅና ፕራዮሪቲ ሜይል በሚባሉት የመላኪያ አይነቶች 100 ዶላር ኢንሹራንስ አብሮ ይመጣል። ቀሚሱ 240 ዶላር ከሆነ ግን 140ው የናንተ ኪሳራ ነው፣ ስለዚ ሌብሉን ስትገዙ ተጨማሪ ኢንሹራንስ አስገቡ፣ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው።

ጠቅላላ ክፍያው 750 ዶላርና ከዛ በላይ ከሆነ ሲግኔቸር ኮንፈርሜሽን (ተቀባዩ ፈርሞ የሚወስድበት) ግዴታ ነው፣ ኢቤይም ፔይፓልም እንደዛ ነው ህጋቸው። ሙሉ የሙሽራ ልብስ ከነካባው የምትልኩ ሰዎች ይሄን አስምሩበት። «ዴሊቨርድ» ቢልም ፊርማ ከሌለ ትሸነፋላችሁ።

2. ቅሬታው ሲመጣ፦ መጀመሪያ ምንም አትጻፉ፣ አንብቡ

ትራኪንግ ቁጥሩን ኢቤይ ውስጥ ካለው አጭር ማሳያ ሳይሆን ዩኤስፒኤስ ሳይት ላይ አስገቡና ሙሉ ታሪኩን ክፈቱ። ሶስት ነገር ጻፉ፦ የመጨረሻው ስካን ምን ይላል፣ መቼና ስንት ሰዓት ነው፣ የትኛው ከተማና ዚፕ ኮድ ነው። ዚፕ ኮዱን ከኦርደሩ ጋር አስተያዩ። ከዛ ስክሪንሾት። ትራኪንግ ከወራት በኋላ ከሲስተሙ ይጠፋል፣ ፔይፓል ላይ ደሞ ገዢ ከከፈለ እስከ 180 ቀን ድረስ ዲስፒዩት (ክርክር) መክፈት ይችላል፣ ስለዚ ስክሪንሾቱን ዛሬ ነው የምትይዙት።

ቀጥሎ የመጣላችሁ ነገር ምን እንደሆነ ለዩ። ተራ ሜሴጅ ነው ወይስ የተከፈተ ኬዝ? ተራ ሜሴጅ ከሆነ ሰዓት አለ። ኢቤይ ላይ ሪኩዌስት («አልደረሰኝም» የሚል መደበኛ ጥያቄ) ከተከፈተ ግን 3 የስራ ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፣ ካለፈ ገዢው ኢቤይን ጣልቃ ግባልኝ ማለት ይችላል። አርብ ማታ የተከፈተ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም፣ ግን እስከ መጨረሻው ሰዓት አትጠብቁ።

3. የመጀመሪያው መልስ

በዛው ቀን መልሱ። ይዘቱ እንዲ ይሁን፦

«ሰላም፣ ስላሳወቅሽኝ አመሰግናለሁ። ትራኪንጉ ፓኬጁ ዲሴምበር 18 ሜይልቦክስ ውስጥ ገብቷል ይላል። ኦርደሩ ላይ ያለው አድራሻ የአፓርትመንት ቁጥሩን ጨምሮ ትክክል መሆኑን አረጋግጪልኝ። ሜይልቦክሱ ውስጥ ቁልፍ ወይ ወረቀት ካለ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ወይ የህንጻው ኦፊስ ተቀብሎ ከሆነም እይልኝ። እኔ ዛሬ ለፖስታ ቤት አመለክታለሁ፣ እስከ ሐሙስ የደረስኩበትን እጽፍልሻለሁ።»

እዚ ውስጥ ስድብ የለም፣ የሪፈንድ ቃል የለም፣ መቼ እንደምትመለሱ ግን ቀን አለው። ሐሙስ ካላችሁ ሐሙስ ጻፉ፣ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም። ገዢ ኬዝ የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ሲባል ነው። በተለይ የገና ሰሞን። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ቀሚሱ የሚታዘዘው ዲሴምበር ውስጥ ነው፣ ያኔ ፖስታ ቤቱ በፈረንጆቹ ገና ዕቃ ተጨናንቋል፣ ገዢዋ ደሞ ቤተክርስቲያን ልትለብሰው ነው። ጭንቀቷ እውነት ነው፣ ሌባ አርጋችሁ አትዩዋት።

ማስጠንቀቂያ፦ ገዢው ሀበሻ ቢሆንም ሜሴጁን በእንግሊዝኛ፣ እዛው ኢቤይ ወይ ኤትሲ ውስጥ ጻፉ። ኬዙን የሚፈርደው ሰው የሚያነበው እሱን ነው፣ ቴሌግራም ላይ የተባባላችሁት ማስረጃ ሊሆንላችሁ አይችልም። ስልክ ተደዋውላችሁ ከሆነ፣ ያው እኛ ስልክ እንወዳለን፣ ስልኩን እንደዘጋችሁ «አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው…» ብላችሁ ዋናውን ነጥብ እዛ ውስጥ አስቀምጡ። እና «ለምን በዜል አትመልሽልኝም፣ እንገላገል» ብትባሉ እሺ እንዳትሉ! በዜል የላካችሁትን ኢቤይ አያውቀውም፣ ኬዙ ክፍት ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ሊቆረጥባችሁ ይችላል።

4. ትራኪንጉ እንደሚለው ተንቀሳቀሱ

ሀ. «ሌብል ክሪኤትድ» ወይ «ፕሪ-ሺፕመንት» ላይ ቆሟል

ፖስታ ቤቱ መቀበሉን የሚያሳይ ነገር የለም። የካውንተር ሪሲት ካላችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ የላካችሁበት ፖስታ ቤት ሂዱ። ሪሲት ከሌላችሁ አትከራከሩ፣ ሌላ ዕቃ ካለ ላኩ ከሌለ ብር መልሱ። እዚ ላይ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

ለ. መንገድ ላይ ቆሟል

«ኢን ትራንዚት፣ አራይቪንግ ሌት» እያለ ቀን ያልፋል። መጀመሪያ ዩኤስፒኤስ ሳይት ላይ ሄልፕ ሪኩዌስት ፎርም ሙሉ፣ ይሄ ለአካባቢው ፖስታ ቤት ይደርሳል። ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ፓኬጁን ያንቀሳቅሰዋል። ከላካችሁ ሳምንት አልፎት ካልተንቀሳቀሰ ሚሲንግ ሜይል ሰርች (የጠፋ ፖስታ ፍለጋ ጥያቄ) አስገቡ። እዛ ላይ ሳጥኑን እና ውስጡ ያለውን በደንብ ግለጹ፦ «ነጭ የጥጥ ቀሚስ፣ ከደረቱ እስከ ታች አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ፣ መስቀል ያለው፣ ቡናማ ሳጥን 12 በ10 ኢንች» ብላችሁ፣ ፎቶም ጨምሩ። ሌብሉ የተቀደደ ፓኬጅ ከውስጡ ባለው ዕቃ ነው የሚፈለገው፣ «ልብስ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንም አያገኘውም። ለሚቀጥለው ደሞ ሳጥኑ ውስጥ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት መጨመር ልመዱ።

ሐ. «ኖቲስ ሌፍት»

ፖስተኛው ሄዶ ሰው አጥቶ ወረቀት ትቷል፣ ፓኬጁ ፖስታ ቤት ተቀምጧል። አብዛኛውን ጊዜ 15 ቀን ይቆይና ወደናንተ ይመለሳል። ገዢው ወረቀቱን አላየውም ማለት ነው፣ ትራኪንግ ቁጥሩንና መታወቂያ ይዞ እንዲሄድ ወይ ኦንላይን ሪዴሊቨሪ እንዲያዝ ንገሩት። ቀኑ እንዳያልፍም አስታውሱት።

መ. «ዴሊቨርድ» ይላል፣ ገዢው ግን የለም ይላል

ብዙ ጸብ ያለው እዚ ነው፣ ስለዚ ረጋ በሉ። ስካኑ ከ«ዴሊቨርድ» ቀጥሎ የት እንደተቀመጠም ይናገራል፣ እሱን አንብቡት።

«ፓርሰል ሎከር» ካለ፣ አፓርትመንቱ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ሳጥኖች አንዱ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ የሎከሩ ቁልፍ ደሞ ገዢው የራሱ ሜይልቦክስ ውስጥ ተጥሎለታል። ቁልፉ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ስር ይደበቃል፣ ሰውም የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይተወዋል። «ሜይልቦክስሽ ውስጥ ቁጥር ያለው ትንሽ ቁልፍ አለ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ይሄ አንድ ጥያቄ ብዙ ኬዝ ዘግቷል።

«ፍሮንት ዴስክ» ካለ የህንጻው ኦፊስ ነው። «ሌፍት ዊዝ ኢንዲቪጁዋል» ካለ ሰው ተቀብሏል፣ አብሯት የምትኖረው ልጅ ወይ ባሏ ክሎዜት ውስጥ አስቀምጦት ይሆናል።

አንዳንዴ ፖስተኛው መኪናው ውስጥ እያለ ቀድሞ ስካን ያረገዋል፣ ዕቃው በማግስቱ ይመጣል። ስለዚ ስካኑ የዛሬ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን እንድትጠብቅ ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ከሌለ፣ ገዢው በጠዋት ፖስተኞቹ ሳይወጡ የሰፈሩ ፖስታ ቤት ሄዶ ሱፐርቫይዘር ያናግር። የፖስተኛው ስካነር ጂፒኤስ አለው፣ ስካኑ የተመታበትን ቦታ ማየት ይችላሉ፣ ጎረቤት በር ላይ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። እናንተም በ1-800-275-8777 ደውላችሁ ኬዝ አስከፍቱ፣ ቁጥሩንም ያዙ። ከበር ላይ ተሰርቆ ከመሰላት ለፖስታል ኢንስፔክሽን ሰርቪስ (የፖስታ ቤቱ መርማሪ ፖሊስ) ኦንላይን ሪፖርት እንድታረግ ንገሯት። ይሄን እንደ ማስፈራሪያ አትጻፉት፣ የተሰረቀ ሰው ማረግ ያለበት ነገር ስለሆነ ነው። የእውነት የተሰረቀች ታረገዋለች፣ ዕቃው እጇ ላይ ያለች ደሞ ብዙ ጊዜ እዚ ላይ ዝም ትላለች።

ሠ. «ሪተርን ቱ ሴንደር»

ወደናንተ እየመጣ ነው። ምክንያቱን ስካኑ ላይ እዩ፣ አድራሻ ጎደሎ ከሆነ ለገዢው አሳዩትና እንደገና መላክ ከፈለገ የፖስታውን ማን እንደሚከፍል በጽሁፍ ተስማሙ። ኬዝ ተከፍቶ ከሆነ ግን 3ቱ ቀን ዕቃው እስኪመለስ አይጠብቃችሁም።

5. ኬዝ ከተከፈተ

ኢቤይ ላይ፦ ሜሴጅ መጻፍ ብቻ መልስ አይደለም። ኬዙ ውስጥ ገብታችሁ ትራኪንግ የሚያስገባውን አማራጭ ምረጡና ቁጥሩን አስገቡ። «ዴሊቨርድ» የሚል፣ ዚፕ ኮዱ ከኦርደሩ የሚገጥም፣ 750ና ከዛ በላይ ከሆነ ፊርማ ያለው ትራኪንግ ካላችሁ ብር አትመልሱ። ገዢው ቢያስቀጥለውም ኢቤይ ለናንተ ነው የሚፈርደው፣ 3 የስራ ቀን ካለፈ በኋላ እናንተም ራሳችሁ ኢቤይ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

«ዴሊቨርድ» ከሌለ ደሞ ትሸነፋላችሁ። ገዢው ኢቤይን ከመጥራቱ በፊት ራሳችሁ ሙሉ ሪፈንድ አርጉ፣ የፖስታውንም ጨምሮ። ሳትፈቱት ኢቤይ ፈርዶባችሁ ከተዘጋ ብሩም ይሄዳል አካውንታችሁም ላይ መጥፎ ምልክት ይቀመጣል።

በኢቤይ ኢንተርናሽናል ሺፒንግ ወደ ውጭ የላካችሁት ከሆነ የናንተ ኃላፊነት አሜሪካ ውስጥ ያለው የኢቤይ ሀብ (ዕቃ ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚልከው ማዕከል) እስኪደርስ ነው፣ ከዛ በኋላ የጠፋውን ኢቤይ ይይዘዋል። በራሳችሁ ሌብል ወደ አውሮፓ ወይ እስራኤል ከላካችሁ ግን ያው የናንተ ነው፤ በUS የሚያልቀውን ባለ 13 ፊደልና ቁጥር ትራኪንግ የዛ ሀገር ፖስታ ሳይት ላይ አስገቡት፣ ብዙ ጊዜ ጉምሩክ ላይ ቀረጥ እየጠበቀ ነው የሚገኘው።

ኤትሲ ላይ፦ ገዢው መጀመሪያ ለናንተ መጻፍና 48 ሰዓት መጠበቅ አለበት፣ ኬዝ የሚከፈተው ከዛ ነው። ስለዚ በ48 ሰዓቱ ውስጥ መልሱ። ኦርደሩ እስከ 250 ዶላር ከሆነ፣ በቀኑ ከላካችሁ፣ ትራኪንግ ካስገባችሁና አድራሻው የኦርደሩ ከሆነ ፐርቼዝ ፕሮቴክሽን የሚባለው የኤትሲ ጥበቃ ገዢውን ከኤትሲ ኪስ ሊከፍለው ይችላል፣ ብራችሁ አይነካም። ስለዚ ኤትሲ ላይ ተቻኩላችሁ በራሳችሁ ሪፈንድ አትንኩ፣ መጀመሪያ ኦርደሩ ብቁ መሆኑን እዩ።

ፔይፓል ላይ፦ ዲስፒዩት ሲከፈት ከገዢው ጋ እዛው ትነጋገራላችሁ፣ በ20 ቀን ውስጥ ወደ ክሌም (ፔይፓል ራሱ ወደሚፈርድበት ደረጃ) ካላሳደገው በራሱ ይዘጋል። ካሳደገው 10 ቀን ውስጥ ማስረጃ አስገቡ፣ ዝም ካላችሁ ለገዢው ይፈረዳል። «ፍሬንድስ ኤንድ ፋሚሊ» ተብሎ በተከፈለ ብር ላይ ለማናችሁም ጥበቃ የለም፣ በሱ ዕቃ አትሽጡ።

6. ብሩን ከመለሳችሁ በኋላ ኢንሹራንሱን ተከታተሉ

ብዙ ሰው ለገዢው «ፖስታ ቤቱን ጠይቂ፣ እኔ ልኬያለሁ» ይላል። አይሰራም። ዕቃው በሯ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የናንተ ነው፣ ኢንሹራንሱም የናንተና የፖስታ ቤቱ ጉዳይ ነው፣ ገዢዋን በመሃል አታስጠብቁ።

ለጠፋ ፓኬጅ ግራውንድ አድቫንቴጅና ፕራዮሪቲ ላይ ክሌም (የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ) የሚገባው ከላካችሁበት ቀን ጀምሮ ከ15ኛው ቀን በኋላና ከ60ኛው ቀን በፊት ነው። 61ኛው ቀን ላይ የገባ አይታይም፣ ስልካችሁ ላይ አላርም አርጉ። የሚያስፈልገው፦ ትራኪንግ ቁጥር፣ የሌብሉ ሪሲት፣ እና የዕቃው ዋጋ ማረጋገጫ። ሽሮሜዳ በካሽ የተገዛ ቀሚስ ደረሰኝ የለውም ብላችሁ አትተዉት፣ ገዢው የከፈለበት የኦርደር ገጽ ዋጋውን ያሳያል፣ የሪፈንዱን ገጽም አያይዙ። ውድቅ ከተደረገ 30 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ፣ መጀመሪያ የጎደለውን ዶክመንት ጨምራችሁ።

7. ቻርጅባክና ይግባኝ

ገዢው ኢቤይን ትቶ ባንኩን «ብሬን አስመልስልኝ» ካለ (ቻርጅባክ የሚባለው ይሄ ነው) ፔይመንት ዲስፒዩት ይመጣላችኋል። መመለሻው 5 ቀን ነው፣ እዚ ላይ የስራ ቀን አይባልም፣ እሁድም ይቆጠራል። ዴሊቨሪውን፣ ፊርማውን፣ ሜሴጆቹን አስገቡ። ዲስፒዩቱ ክፍት እያለ በሌላ መንገድ ሪፈንድ እንዳታረጉ፣ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ኢቤይ ፈርዶባችሁ ከሆነና በኋላ ትራኪንጉ ወደ «ዴሊቨርድ» ከተቀየረ፣ ወይ አዲስ ማስረጃ ካገኛችሁ፣ ኬዙ ከተዘጋ 30 ቀን ውስጥ አፒል (ይግባኝ) አርጉ። አጭር ጻፉ፦ የኦርደር ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ ዚፕ ኮድ፣ ስክሪንሾት። የገዢውን ጸባይ አትተርኩ።

8. ሪፈንድ ተደርጎ ዕቃው ቢገኝ

ገዢዋ ጋ ከደረሰ ሁለት ምርጫ ስጧት፣ ወይ እንደገና ትክፈል ወይ እናንተ በምትልኩት ሌብል ትመልስ። ብዙ ሰው በደንብ ከተጠየቀ ይከፍላል። ክፍያውን እዛው ፕላትፎርም ላይ አዲስ ሊስቲንግ ከፍታችሁ ተቀበሉ። ክሌም አስገብታችሁ ገና ካልተከፈላችሁ ለፖስታ ቤቱ መገኘቱን አሳውቁ።

ወደናንተ ከተመለሰ ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ላዩ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ስቲከር ፎቶ አንሱ። ለምን እንደተመለሰ እሱ ላይ ተጽፏል፣ የአድራሻ ጉድለት ከሆነና አፒል ላይ ካላችሁ ያንን ፎቶ አስገቡት። ከዛ ክፈቱ፣ ቀሚሱን ዘርግታችሁ እርጥበትና እድፍ እዩ፣ ደህና ከሆነ መልሳችሁ ለሽያጭ አውጡት።